ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እህቴ ናት። ሚያዝያ ነበር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እየወጣን ነው። ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተቆለፈ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መስኮት ብንከፍት የፊተኛው አውቶቡስ ጭስ ይገባል፤ ብንዘጋ ደግሞ ዳቦ ቤት የገባን ያህል እንቀቀላለን። እህቴ ወደ ኋላ ዞር አለችና «ስልክህ እየጠራ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋባት ንብ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ዝዝዝ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይቀጥንና ወደ ጩኸት ያድጋል። ከዚያ ይወርዳል፤ ደግሞ ይነሳል። መንገዱ ሲከፈት መኪናዋ ዳገቱን ወጣችው። አንድ ሁለት ጊዜ ነቀነቀችን እንጂ አልጠፋችም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምውል የቢሮ ሰው ነኝ። ግን ይህን ድምፅ ለማስቆም አንድ ወር ከምናምን ፈጅቶብኛል። በመሃሉ የማያስፈልገኝን የቤንዚን ፓምፕ ገዝቻለሁ። በሙቀት ወራት ከኋላ መቀመጫችሁ ሥር ንብ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ያን ገንዘብ እናንተም እንዳታወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላ ናት። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ» ይለኛል። ግዛ ማለት ቀላል ነው። የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከታገደ ወዲህ፣ እንደኔ ያለው ሰው ያለችውን እያስታመመ መኖርን መርጧል። የሚያስታምም ሰው ደግሞ ጆሮው ይሰላል።

የዚያን ቀን እዚያው መንገድ ላይ ምክር ጎረፈልኝ። ከጎናችን የቆመ የሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ፓምፑ ግሎ ነው፤ ኮፈኑን ክፈትና እርጥብ ጨርቅ ጣልበት» አለኝ። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የድሮዎቹ ላዳ ታክሲዎች ፓምፕ ሞተሩ ላይ የተገጠመ ነው። ቤንዚኑን ከኋላ ታንከር ድረስ እየሳበ ያመጣል። ሞተሩ ሲግል መስመሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንና ፓምፑ እንፋሎት ማኘክ ይጀምራል። ያኔ እርጥብ ጨርቅ እውነትም ያድናል። የኔ ፓምፕ ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚኖረውም ታንከሩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው። ኮፈኑ ሥር ጨርቅ ባለብስ ለሱ ምኑ ነው?

ታንከር ውስጥ መሆኑን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም በውስጡ የሚያልፈው ቤንዚን ራሱ ነው። እንደኔ ባሉ መኪኖች ላይ ደግሞ ፓምፑ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ይልካል። የተረፈው በሌላ ቱቦ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ሲመለስ የሞተሩን ሙቀት ይዞ ነው። ታንከሩ 40 ሊትር ካለው ያ ሙቀት ብዙም አይታወቅም። 6 ሊትር ብቻ ካለው ግን ያችው 6 ሊትር ስትዞር ስትዞር ትግላለች። እኔ ደግሞ የ6 ሊትር ሰው ነበርኩ። ቀይ መብራት ሲበራ ትንሽ፣ ሲበራ ትንሽ።

ከተማችንም አንድ ነገር ትጨምራለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ለዚህ ነው ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፤ ሽምብራም አልበስል እያለ ከሰል የሚጨርሰው። ለቤንዚንም ሕጉ ያው ነው። ቤንዚን የብዙ ነገር ድብልቅ ስለሆነ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ቀላል ቀላሉ ክፍል 40 ዲግሪ ሳይሞላ መፍላት ይጀምራል። እዚህ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። የአዳማ ሰው የኛን 27 ዲግሪ ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ታንከሩ ሥር ያለው አስፋልት፣ በአጠገቡ የሚያልፈው የጭስ ማውጫ፣ የማይንቀሳቀስ ሰልፍ ሲደመሩ ነገሩ 27 ላይ አይቆምም።

ይህን ሁሉ ግን ያኔ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ሞተሩን አስነሳ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አደረገ፤ «ፓምፕ ነው ብሮ፤ አልቋል» አለኝ። ሩብ ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔም ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ «እሺ» አልኩ።

አብረን ሶማሌ ተራ ወረድን። ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ፦ አዲስ ኮፒ ወይም ያገለገለ ኦርጅናል። ያገለገለውን መረጥኩ። ሻጩ ሁለቱን ሽቦ ባትሪ ላይ ነካ ነካ አድርጎ ዝዝ አሰኘልኝና «ይኸው፣ ሠራተኛ» አለኝ። ዛሬ ቢሆን ይህን አልቀበልም። በደረቁ ዞረ ማለት ገፍቶ ይልካል ማለት አይደለም። ደግሞም ፓምፕ ያለ ቤንዚን ሲዞር ያለ ዘይት እንደሚሠራ ሞተር ነው፤ ለሁለት ሰከንድም ቢሆን አይወደውም።

ልጁ በ40 ደቂቃ ገጠመልኝ። «ለመሞከሪያ በደንብ ቅዳባት» ስላለኝ 25 ሊትር ቀዳሁ። ድምፁ ጠፋ። ማታውኑም ዝናብ መጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደመና ሆነ። ዘጠኝ ቀን ንጉሥ ነበርኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ፓምፕ ሌክቸር ሰጠሁ።

ሙያው የሌለው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀን ሦስት ነገር ተለወጠ፦ ፓምፑ ተቀየረ፣ ታንከሩ ሞላ፣ አየሩ ቀዘቀዘ። እኔ ምስጋናውን በሙሉ ለፓምፑ ሰጠሁ።

ግንቦት ሲገባ ፀሐይዋ ተመለሰች፤ ቤንዚኑም ጎደለ። ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ቆሜ ሳለሁ ንቧ መጣች። አሁን ደግሞ ብቻዋን አይደለችም። ከዝዝዙ በታች ድርርር የሚል፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ሌላ ድምፅ ተጨምሯል። ልጁ ጋ ደወልኩ። «ያገለገለ ስለገዛህ ነው፤ አዲስ እንግጠም» አለ። ስልኩን ዘጋሁና ደብተር ገዛሁ።

ደብተሩ ከወሰድኳቸው እርምጃዎች ሁሉ ርካሹና ትክክለኛው ነው። ድምፁ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የቤንዚኑን መጠን፣ በሰልፍ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ጻፍኩ። ያልመጣባቸውንም ቀናት ጻፍኩ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ይጠቅማል። በ11 ቀን ውስጥ መልኩ ወጣ። ጠዋት ከስድስት ኪሎ ስወርድ አንድም ቀን አልጮኸም። ታንከሩ ከግማሽ በላይ ሲሆን ከሰዓትም አልጮኸም። የሚጮኸው ከሩብ በታች ሲሆን፣ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጎተትኩ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ይብሳል፤ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ። ድርርሩ ግን ሰዓት አይመርጥም፤ ጠዋትም አለ። ስለዚህ ሁለት ድምፅ፣ ሁለት በሽታ ነው ማለት ነው። ያለ ደብተር ይህን አልለየውም ነበር።

በዚሁ ሳምንት ሌሎች ተጠርጣሪዎችንም አጣራሁ። እናንተም ቤታችሁ በር ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቆማችሁ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) እየሠራ ሳለ፣ ነዳጅ ስጡት። ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ የታንከሩ ፓምፕ ላይሆን ይችላል። ዲናሞው፣ የመሪው ፓምፕ ወይም ቺንጊያው ይታይ። የኔው ግን ነዳጅ ብሰጥም ባልሰጥም በራሱ ዜማ ነው የሚሄደው። ቆማችሁም የሚሰማ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ አይደለም፤ እሱ ካልዞረ አይጮህም። ከዚያ ድምፁ በመጣ ጊዜ ሞተሩን አጥፉና ወዲያው የታንከሩን ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ በርግጥ ሲጋራ የያዘ ሰው በሌለበት። ረዘም ያለ የመሳብ ድምፅ ካለ ታንከሩ አየር መተንፈሻ አጥቷል፤ ፓምፑ ቫኪዩም እየታገለ ነው። የኔ ፍስስ እንኳ አላለም።

አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለምሰማ፦ «ቁልፍ ስከፍት ፓምፑ አይሰማም፤ ሞቷል ማለት ነው?» አይደለም። ብዙ መኪኖች ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ዝዝ ይላሉ። እንደኔ ያሉ የድሮ ቶዮታዎች ላይ ግን ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ አይነሳም። አሠራሩ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ኮፈኑ ሥር «ዲያግኖሲስ» የሚል የተጻፈበት ትንሽ ሳጥን አለ። መካኒኩ እዚያ ውስጥ «ቢ ፕላስ» እና «ኤፍ ፒ» የሚሉትን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ብቻውን ይሠራል። የዚያኔ ጆሮ ጥሩ ይሰማል። ቀዳዳ ተሳስቶ ማገናኘት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ እኔ አልነካውም።

ደብተሬን ይዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። ጎረቤቴ ነው የላከኝ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ልጄ፣ መካኒክ ነህ እንዴ?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ» አልኳቸው። ሳቁ።

«ሁለት ጊዜ ታመጣታለህ» አሉ። «ዛሬ ስትጮህ እሰማታለሁ። ነገ ስትቀዘቅዝ እከፍታታለሁ።»

በሞቀችበት ፊልትሮው ጋ የግፊት ጌጅ አሠሩ። እንደኔ ባለ ሞተር ላይ የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው የቫኪዩም ቱቦ ስትነቀል ከ2.7 እስከ 3.1 ባር፣ ስትገጠም ደግሞ በሚኒሞ ከ2.1 እስከ 2.6 ባር አካባቢ ይጠበቃል። የናንተ መኪና ቁጥር ሌላ ሊሆን ስለሚችል የመኪናችሁን መጽሐፍ እዩ። ቱቦዋን ነቅለው ሲያዩ መርፌው መጀመሪያ 2.9 ላይ ቆመ። ድምፁ ሲነሳ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወደ 2.3 ወረደ፤ ድምፁ ሲለሰልስ ተመለሰ። «አየህ?» አሉኝ። «አቅም ያነሰው ፓምፕ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ አይጨፍርም።» ቀጥለው የኋላ መቀመጫውን አንስተው የፓምፑ ሶኬት ላይ ቴስተር ጣሉ። 13.2 ቮልት። ባትሪው ጋ 13.8 ነው። ሽቦው ደህና ነው።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አዘዙኝ፦ «ሂድና 15 ሊትር ቀድተህ ና።»

ሰልፉ 50 ደቂቃ ወሰደብኝ። በቴሌብር ከፍዬ ስመለስ መኪናዋ አንድ ጊዜም አልጮኸችም። ጌጁን መልሰው አሠሩ። መርፌው 2.9 ላይ ድርቅ አለ። ያው ፓምፕ፣ ያው ሽቦ፣ ያው ፀሐይ። የተጨመረው ከመሬት ሥር ጋን የወጣ ቀዝቃዛ ቤንዚን ብቻ ነው።

«እንግዲህ ፓምፑ የሚገፋው አላቃተውም» አሉ ጋሼ። «የሚጠጣው ነው ያቃተው።»

ይህቺ ንግግር ናት ሁሉን የፈታችው። ፓምፑ ጫፉ ላይ ወንፊት አለችው፤ እንደ ትንሽ ከረጢት የሆነች። ቤንዚን በሷ በኩል ነው የሚገባው። እሷ ስትቆሽሽ ፓምፑ በኃይል መሳብ አለበት። ወፍራም የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ ስትመጡ ስትሮው እንደሚጣበቀው ማለት ነው። በኃይል ሲሳብ መግቢያው ላይ ግፊቱ ይወርዳል። ግፊቱ የወረደበት ቤንዚን፣ ያውም የሞቀ፣ እዚያው አረፋ ያወጣል። አረፋው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ግፊት ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይፈነዳል። ያ ዝዝዝ ጩኸት በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፍንዳታዎች ነው። ቤንዚኑ ሲቀዘቅዝና ሲበዛ አረፋው ይቀራል፤ ፓምፑም ዝም ይላል። ደብተሬ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘ።

በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ግቢው በር ላይ ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ ከሰሏን አቀጣጥላለች። ጋሼ ከምንም በፊት ወደሷ ሄዱ። «የኔ ልጅ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ማዶ ሁኚልኝ» አሏት። ጀበናዋን፣ ምድጃዋንና በርጩማዎቹን እኔና ረዳታቸው ተሸክመን መንገድ አሻገርን። ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ለካ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ምድጃ ደግሞ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ጋራዥ ውስጥ ልጁ ታንከሩን ከፍቶ ሳለ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ብየዳ ይካሄድ ነበር። አሁን ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል።

አሠራራቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የምትወስዱበት ጋራዥ ይህን ካላደረገ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። መጀመሪያ የፓምፑን ሶኬት ነቀሉና ሞተሩን አስነሱት፤ መስመሩ ውስጥ ያለችውን ጨርሶ በራሱ ጠፋ። ይህ ቱቦ ሲፈታ ቤንዚን ፊት ላይ እንዳይረጭ ነው። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ አወጡ። እሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አስቀመጡ። መቀመጫው ሥር ያለውን ክዳን ከመክፈታቸው በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ አጸዱ። ያለዚያ የ20 ዓመት አቧራ ቀጥታ ታንከር ውስጥ ይገባል።

ፓምፑ ወጣ። ወንፊቷ ነጭ መሆን ነበረባት አሉኝ። እኔ ያየሁት የቡና አተላ የተለቀለቀ፣ ደርቆ እንደ ቆዳ የጠጠረ ነገር ነው። ጋሼ በጣታቸው ሲጫኗት ቡናማ ጭቃ ወጣ። አምና ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀድቻለሁ። የጀሪካኑን ውስጥ ግን አላየሁም።

ልጁ ፓምፕ ሲቀይርልኝ አሮጌዋን ወንፊት ነቅሎ «አዲሱ» ላይ ሰክቷታል። ልብ በሉ፤ በሽታዋን ከአንዱ አውጥቶ ለሌላው አስታቀፈ። ድርርሩም ተገኘ። ፓምፑ ከሥሩ የሚያርፍባት የጎማ ትራስ አለች። እሷን ሳይመልስ ነው የገጠመው። ፓምፑ በቀጥታ ብረቱን እየደበደበ፣ ብረቱ ታንከሩን፣ ታንከሩ ወለሉን ያንቀጠቅጥ ነበር። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጎማ!

ጋሼ ቤንዚኑን ከታንከሩ አውጥተው ወለሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠራረጉት። ወንፊት ቀይሮ ጭቃውን እዚያው መተው ዋጋ የለውም። አዲስ ወንፊት፣ የጎማ ትራስ፣ የክዳኑ ጎማ፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ፊልትሮ ተቀየሩ። አራቱ ተደምረው ለፓምፑ ካወጣሁት ሩቡን አልሞሉም። ፓምፑን አልቀየሩትም። «ይሠራል፤ ምን በደለህ?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ፓምፔስ? ጋራዡ ትቼው መጥቻለሁ። አሮጌ ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የቆሸሸ ቢሆንም፣ ዘይት ቢያንጠባጥብም። የኔው ምናልባት ዛሬ «ያገለገለ ኦርጅናል» ተብሎ የሌላ ሰው ኮሮላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሆናል።

በእርግጥ ፓምፕ አይሞትም እያልኩ አይደለም፤ ይሞታል። ጠዋት በብርዱ፣ ታንከሩ ሞልቶም የሚጮህ ከሆነ፣ ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ወይም መኪናው ሲግል ጠፍቶ ካልቀዘቀዘ አልነሳም ካለ ወደ ፓምፑ መሄድ ትክክል ነው። ቪትዝና መሰል አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ዋናው ፊልትሮ ራሱ ታንከሩ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ነው ያለው፤ ሲከፈት ሁለቱም ይታዩ። ታንከር ውስጥ የሚጨመር «ማጽጃ» ልትገዙ ካሰባችሁ ግን ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ጭቃ በጠብታ አይሟሟም።

ድምፁ መንገድ ላይ ከጀመራችሁና መኪናው መንቀጥቀጥ ካመጣ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ሞተሩን አጥፉና 20 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ማደያ። ሩብ ሲቀር መቅዳት ይሻላል የሚባለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። በሰልፉ ምክንያት ሁልጊዜ እንደማይሆንም ሁሉም ያውቃል። እኔ አሁን ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ሲሳሳ እቀዳለሁ፤ በቀይ መብራት ግን ቀን ላይ ቸርችልን አልወጣም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እህቴን ይዤ በዚያው መንገድ ስወጣ፣ እዚያው ጥቁር አንበሳ ጋ መንገዱ ተዘጋ። ግማሽ ታንከር አለኝ። ድንገት ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደሜ ቀዘቀዘ። ሬዲዮኑን አጠፋሁ፤ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ መቀመጫው ላይ ጆሮዬን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

«ስልኬ ነው» አለች እህቴ።